የብር ውሃው ጠርሙስ ላይ ስንት ተብሎ ይጻፍ?

አማርኛችን ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይጠራል። ኪስ ውስጥ ያለውም ብር ነው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውም ብር ነው። ድሮ በእርግጥም አንድ ነበሩ። አያቶቻችን ገበያ የሚወጡበት ጠገራ ብር፣ ልጅ ሲዳር አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና አልቦ ይሆን ነበር። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ብር ስልካችን ላይ ይዞራል፤ የሚጠጣ ብር።

ዩቲዩብ ላይ «ኮሎይዳል ሲልቨር» ብላችሁ ፈልጉ። ሁለት የብር ሽቦ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሽቦዎቹ ውሃው ውስጥ ይነከራሉ፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሰውየው ብርጭቆውን አንስቶ ካሜራ ፊት ግጥም ያደርገዋል። «ቤት ውስጥ የተሠራ አንቲባዮቲክ» ይለዋል። ከጉንፋን እስከ ካንሰር የማያድነው በሽታ የለም። አንድ ነገር ሁሉንም ያድናል ሲባል እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሻጩን ነው፤ ግን ይሄ የኔ ጠባይ ነው፣ እንለፈው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ነገሩ ተስፋፍቷል እያልኩ አይደለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ማሽን ብቻ ነው። የሠራው ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ ነው። እጁ የተባረከ ልጅ ነው፤ ሌላው «በቃ፣ ሞቷል» ያለውን ስልክ እሱ ያስነሳዋል። ከተማችን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የልብ ልብ ትሰጣለች። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ናት፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ቦታ። «እኛ እኮ መድፍ የሠራን ሰዎች ነን፤ ሁለት ሽቦ ውሃ ውስጥ መንከር ምን ይከብዳል?» አለኝ ማሽኑን ሊያሳየኝ ያመጣው ዕለት።

ማሽን ካልነው ማሽኑ ይሄ ነው። የአሮጌ ስልክ ቻርጀር፣ ጫፉ ተቆርጦ ሁለቱ ሽቦ ወጥቷል። አንድ ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ፤ ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የሚነክረው 99.99 በመቶ ንጹሕ የሆነ የብር ሽቦ ነው። እሱ ሽቦ እኛ ጋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከአንዱ ቀዳዳ የአክስቱ ጠገራ ብር ተንጠልጥሏል፣ ከሌላው ደግሞ ገበያ «ብር ነው» ተብሎ የተገዛ፣ የተሰበረ አምባር። ቪዲዮው እንዳዘዘውም በየግማሽ ሰዓቱ ሁለቱን ሽቦ እያቀያየረ ያገናኛል።

አክስቱን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ከዓመታት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚውጡት ክኒን አላቸው። የወንድማቸው ልጅ ማሽኑን ከሠራ ወዲህ ግን ክኒኑን የሚያወራርዱት በብር ውሃ ነው፤ በአንድ የሻይ ብርጭቆ። «ቀለል ብሎኛል» ይላሉ። ጎረቤት ሰማ። አንዷ ለልጇ ሆድ፣ አንዱ ለጨጓራው «እስቲ ለኛም ሽጥልን» ማለት ጀመሩ።

ወደ እኔ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። «ለክተህ ስጠኝ፤ ስንት ፒፒኤም እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ልጻፍበት። ቁጥር ያለበትን ነገር ሰው ያምነዋል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሰው ያምነዋል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሱቁ ውስጥ አብሬው የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ፒፒኤም የሚባለው ነገር ውሃ ላይ ሲሆን ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። ዐሥር ፒፒኤም ብር ካለ፣ ሊትሩ ውስጥ ዐሥር ሚሊ ግራም ብር አለ። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ነው የጠፋብን።

መጀመሪያ የያዝነው ቲዲኤስ የምትባለውን እስክሪብቶ መሳይ መለኪያ ነው። በኦንላይን ገበያ የብር ውሃ ሠሪዎች ሁሉ የሚይዟት እሷን ነው። ጫፏን ውሃው ውስጥ ነከርን፤ 131 አለች። ጓደኛዬ ማርከሩን አነሳ።

«ቆይ» አልኩት። «ከመጀመርህ በፊት ውሃው ስንት ነበር?»

ዝም አለ። ውሃው የቧንቧ ነው። ከዚያው ቧንቧ ብር ያልነካውን ሌላ ብርጭቆ ቀዳንና ለካን። 128።

ይሄን ትንሽ ላብራራው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እስክሪብቶዋ ብር አታውቅም። የምታደርገው ነገር ቢኖር በሁለት ትንንሽ ብረቶቿ መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ማሳለፍና ውሃው ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ማየት ነው። ከዚያ «ይሄን ያህል የሚያስተላልፍ ውሃ ይሄን ያህል ጨው መሳይ ነገር አለው» ብላ በተሰጣት ማባዣ አባዝታ ቁጥር ታወጣለች። የቧንቧ ውሃ ከአፈርና ከድንጋይ ያገኘው ካልሲየም አለው፣ ማግኒዚየም አለው፣ ሌላም አለው። 128ቱ የነሱ ነው። በ131 እና በ128 መካከል ያለችውን ሦስት ብር ናት ብሎ መማል አይቻልም፤ ውሃው ትንሽ ቢሞቅ ወይም እስክሪብቶዋን ሳታጥቡ ብትነክሩ ቁጥሩ በዚያው መጠን ይንቀሳቀሳል። ለማሳየት ብዬ ከቧንቧ በቀዳነው ብርጭቆ ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ጣል አደረግኩበት። 400 አለፈ። ብር የሚባል ነገር አጠገቡ ሳይደርስ።

ይባስ ብሎ እውነተኛው ኮሎይድ፣ ማለትም ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ደቃቅ የብር ብናኝ፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ሥራ ላይ ይሄ ነው የሚባል ድርሻ የለውም። እስክሪብቶዋ የምታየው የሟሟውን፣ አዮን የሚባለውን ክፍል ነው፤ እሱንም ከሌላው ጨው ሁሉ ጋር ደባልቃ። ስለዚህ «ኮሎይዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ነገር እንዳይለካ ተደርጎ የተሠራ መለኪያ ቢኖር ይቺ ናት።

ጓደኛዬ ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ አይደለም። «ሌዘር አለ» አለ። ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ቀይ ሌዘር አለችው። ልክ በዚህ ሰዓት መብራት ሄደ። ለአንዴ እንኳ ጠቀመን፤ ሱቁ ጨለመና ሌዘሩን በውሃው ውስጥ ስናበራው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ታየ። ቧንቧው ውሃ ላይ ሞከርነው፤ መስመሩ እዚህ ግባ አይባልም።

«አየህ! ኮሎይድ ነው!»

ነው። ይሄን አልካድኩም። ብርሃን ደቃቅ ብናኝ ሲያገኝ ይበተናል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩን ባጠናው በአየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ስም ይጠራል። ግን ብናኙ የምን ነው? ከጎረቤት ሻይ ቤት አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ለመንኩ። ከወተቱ ሁለት ጠብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጣልንና ሌዘሩን አበራን። ከብር ውሃው ይልቅ የሚያምር፣ የጠገበ መስመር ወጣ። ሌዘሩ «እዚህ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር አለ» ይላል፤ ብር ይሁን ወተት ይሁን ጭቃ አይለይም። ስንት እንደሆነማ ጨርሶ አይናገርም።

ቀለሙስ? ቪዲዮዎቹ ላይ «ወርቅማ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው» ይባላል። ይሄኛው መሠረት አለው። በጣም ደቃቅ የብር ብናኝ ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብለውን ብርሃን ስለሚውጥ ውሃው ቢጫ ይመስላል። የኛ ግን ቢጫ አልነበረም። ደፍረስ ያለ ግራጫ ነው፤ ከሥሩም ጠቆር ያለ አተላ ዘቅጧል። ጓደኛዬ አተላውን «ቆሻሻው ነው፣ ይወጣል» ብሎ ያጠልለው ነበር። አተላውን አስቀምጥልኝ አልኩት፤ ኋላ ይፈለጋል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ውሃውን ቀየርን። ጋራዥ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ገዛን። (ይሄ ውሃ ለመጠጥ የተሠራ አይደለም፤ አንዳንዴም አሲድ ከሚያዝበት ዕቃ ጎን ነው የሚቀመጠው። እኛም አልጠጣነው።) እስክሪብቶዋ 1 አለች። ማሽኑን በፓወር ባንክ አገናኘነው፤ ያው 5 ቮልት ነው፣ እንዲያውም የተሻለ ነው። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ሲበላሽ የግድግዳውን 220 ቮልት አሾልኮ ወደ ሽቦው ሊያወጣ ይችላል፤ እርጥብ እጅ ያለበት ቦታ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ለካን። 1። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ፍላጎቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ቴስተሩም ላይ የሚታይ የረባ ከረንት አልነበረም። ቪዲዮው «አልፈጥን ካለ ትንሽ ጨው ጨምሩ» የሚለው ለዚህ ነው። ጨው ሲገባ ከረንቱ ያድጋል፣ ውሃው ነጭ ደመና ይሠራል፣ ሰውም «ሠራ!» ይላል።

ደመናው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ አንድ ጎረቤቴን ይዤ መጣሁ። መምህሩ ዕቃውን አዩት፣ ጠገራውን አዩት፣ ሳቁ። «ብር ከጨው ጋር ሲገናኝ ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናል» አሉ። «እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ መሟሟት የማይወድ ነጭ ዝቃጭ ነው። የቧንቧው ውሃችሁም ክሎራይድ አለው፤ ያ አተላ ከዚያ የመጣ ነው። ሆድ ውስጥም አሲዱ ያው ክሎራይድ አለው።» ማለትም ብሩ ተሟሙቶ ቢገባ እንኳ ገና ጨጓራ ሲደርስ የሚጠብቀው ይሄው ነው።

ከዚያ ያስቀመጥነውን አተላ ጠየቁን። ከባለፈው ቅዳሜ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነበር። ሲቀመጥ ግራጫ የነበረው አሁን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ሆኗል። «ፎቶ ተነስቷል» አሉ መምህሩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚሠራው በዚሁ ነገር ነው፤ የብር ጨው ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ይቺን ጥቁር ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መምህሩ ከመሄዳቸው በፊት በወረቀት ላይ አንድ ሥራ ሠሩልን፤ ከሁለቱ ቅዳሜ ሙከራ ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነበር። ማይክል ፋራዳይ ገና በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘው ሕግ ነው። ከብረት ላይ ወደ ውሃ የሚወርደው ነገር መጠን ባለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ይወሰናል። ለብር ሲሰላ፣ አንድ ሚሊ አምፔር ከረንት ለአንድ ሰዓት ቢያልፍ ቢበዛ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ብር ያወርዳል። ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም። ጓደኛዬ ቴስተሩን ከማሽኑ ጋር አያይዞ በቧንቧ ውሃ ለካ፤ 0.8 ሚሊ አምፔር። ሁልጊዜ የሚያስኬደው ሦስት ሰዓት ነው። 0.8 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ4፤ 9.6 ሚሊ ግራም። ውሃው አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ ጣሪያው 9.6 ፒፒኤም ገደማ ነው።

እስክሪብቶዋ 131 ያለችውን ነው እንግዲህ።

9.6ም ቢሆን መልስ አይደለም፣ ጣሪያ ነው። ከሱ ውስጥ ምን ያህሉ አተላ ሆነ፣ ምን ያህሉ በሌላኛው ብረት ላይ ተመልሶ ለጠፈ፣ ምን ያህሉ ተንሳፈፈ፤ ስሌቱ አይነግረንም። ደግሞ ስሌቱ የሚሠራው የወረደው ሁሉ ብር ነው ብለን ነው። ጠገራችን ግን ንጹሕ ብር አይደለም። የማርያ ቴሬዛው ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ኦስትሪያ ብቻ ሳትሆን ለንደንም፣ ሮምም፣ ቦምቤይም ያው 1780 የሚለውን ዓመት እያተሙ ሲሠሩት ኖረዋል። መዳብ ደግሞ ከብር ይልቅ በቀላሉ ወደ ውሃ ይወርዳል። አምባሩማ የባሰ ነው። ገበያ ላይ ብር ተብሎ ከሚሸጠው ጌጥ ውስጥ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ብቻ የሆነ፣ ከብር ስሙን እንጂ ሌላ ያልወሰደ ድብልቅ አለ። ሽቦው በየግማሽ ሰዓቱ ሲቀያየር እሱም በተራው ይሟሟል። አክስቱ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት ታዲያ የብር ውሃ ነው፣ የመዳብ ውሃ ነው ወይስ የኒኬል? ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ ማርከሩን ኪሱ ከተተው።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኝበት መንገድ የለም አይደለም። አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባል የላቦራቶሪ መሣሪያ አለ። ናሙናውን በእሳት ያተንነውና ብር ብቻ የሚውጠውን፣ 328 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ያሳልፍበታል፤ የተዋጠውን አይቶ ብሩን ለይቶ ይናገራል። መዳቡን ለማወቅ መብራቱ ይቀየራል። ሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ግን አይደለም፤ ደግሞ የኛ ማሽን በየቀኑ የተለያየ ውሃ ስለሚያወጣ በየጠርሙሱ ካልተለካ የዛሬው ቁጥር ለነገው አይሆንም።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። «እሺ ቁጥሩን ተወው፤ ጀርም መግደሉን እንይ» አለ ጓደኛዬ። ይሄኛው ሐሳብ የአክስቱ ነው። ሁለት ብርጭቆ ትኩስ ወተት አመጡ፤ አንዱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብር ውሃ፣ ሌላው ላይ ሁለት ማንኪያ የቧንቧ ውሃ። ጀርም የሚገድል ከሆነ የብሩ ወተት አይረጋም ማለት ነው። የደብረ ታቦር ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ሁለቱም እርጎ ሆኑ። አክስቱ ተራ በተራ አሸተቷቸው፤ «ልዩነት የላቸውም» አሉና «የኔ በወይራ የታጠነ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ያቆየዋል» ብለው ጨመሩበት።

መምህሩ ግን ይሄን ሙከራ አልወደዱትም። ወተት ፕሮቲንም ክሎራይድም ስላለው ብሩን ይይዘዋል፤ ስለዚህ እርጎ መሆኑ ብር ጀርም አይገድልም የሚል ማስረጃ አይሆንም አሉ። ልክ ናቸው። ሳህን ላይ ብቻውን ባክቴሪያ ቢሰጡት ብር እንደሚገድል የታወቀ ነው። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ ደማችንና ሆዳችንስ ፕሮቲንና ጨው አይደሉም እንዴ?

ብር ሕክምና ውስጥ ቦታ የለውም ለማለት አይደለም። አለው፣ ትልቅ ቦታ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ ብዙዎችን ከዓይነ ስውርነት አድኗል። ዛሬም ቃጠሎ ለደረሰበት ሰው የሚቀባ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባል ነጭ ቅባት አለ። ከሸክላ የሚሠሩ የውሃ ማጣሪያዎችም ውስጣቸው ኮሎይዳል ሲልቨር ይቀባል። ልብ በሉ፦ ጠብታው ዓይን ላይ፣ ቅባቱ ቆዳ ላይ፣ ማጣሪያው ሸክላ ላይ። መጠኑም ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ። የሚጠጣው ነው ሌላ ታሪክ ያለው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 1999 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ኮሎይዳል ሲልቨር ያለባቸው መድኃኒቶች ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት ያገኘ አይደለም ብሎ ደነገገ። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ «ያድናል» ብለው ሲሸጡ ለተገኙ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ከመሸጡ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲመዘገብ ያዝዛል። ጠርሙስ ላይ «ለጨጓራ» ብሎ የጻፈ ሰው መድኃኒት ሸጠ ማለት ነው፤ ውሃ ነው የሸጥኩት ቢል አይሰማም።

አሁን ወደዚያች መስኮት ላይ ወደ ጠቆረችው አተላ ልመለስ። ብር ለብዙ ጊዜ ሲጠጣ ከፊሉ ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲነካው መስኮቱ ላይ የሆነው ይሆናል። አርጂሪያ ይባላል፤ ቆዳ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፣ እንዲሁም ይቀራል። ሞንታና ውስጥ ስታን ጆንስ የሚባል ፖለቲከኛ ነበር፤ 2000 እ.ኤ.አ. ሲገባ ኮምፒዩተሮች ተበላሽተው አንቲባዮቲክ ይጠፋል ብሎ ፈርቶ ራሱ የሠራውን የብር ውሃ ይጠጣ ጀመር። በ2002 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደር ፊቱ ሰማያዊ ግራጫ ነበር። ፖል ካራሰን የሚባለው ደግሞ ፊቱ እንደ እንቆቅልሽ እየታየ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ነበር፤ እሱም ቤቱ የሠራውን ነው የጠጣው። ሁለቱም ማሽኑን ሠርተዋል። ስንት እንደሚጠጡ ግን በትክክል የለካላቸው አልነበረም።

የአክስቱን ጉዳይ እናስላው። ጣሪያውን ከወሰድን በአንድ የሻይ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር ብንለው፣ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ብር ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ ጉዳት አያመጣም ብሎ ያስቀመጠው መጠን ለ60 ኪሎ ሰው 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ። ከዚያ ሊያንስም ይችላል፤ ምናልባት አብዛኛው አተላ ሆኖ ተደፍቷል። ምናልባት ነዋ! ጠርሙሱ ላይ «ምናልባት» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ አላየሁም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቆዳው አልነበረም። ኮሎይዳል ሲልቨር አንዳንድ መድኃኒቶች ከሆድ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ከነሱ አንዱ አንዳንድ አንቲባዮቲክ ነው። ሌላው ታይሮክሲን ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ሲወጣ ወይም ሲደክም የሚተካው ክኒን። አክስቱ በየጠዋቱ በብር ውሃ የሚያወራርዱት እሱኑ ነው።

ይሄን ስነግረው ጓደኛዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ብዙ አላወራንም። በማግስቱ ክኒናቸውንና ጠርሙሱን ይዞ አክስቱን ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ባለሙያዋ ክኒኑን በንጹሕ ውሃ ብቻ እንዲውጡ፣ የብር ውሃውን እንዲያቆሙ ነገረቻቸው፤ የደም ምርመራም አዘዘችላቸው። «ቀለል ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ እሳቸው እየወጡ። ሊሆን ይችላል። ጠዋት ተነስቶ የወንድም ልጅ በእጁ ያዘጋጀውን ነገር መጠጣት በራሱ ያቀልላል።

ለልጇ ሆድ የጠየቀችው ጎረቤትስ? ለሷ የነገርናት ሌላ ነው። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ጣቢያ፤ ውሃው ካሰጋት ደግሞ ውሃ አጋር ወይም እሳት። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን ውሃችን የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለጀርም በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው ግን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ለዚህ ቲዲኤስም ሌዘርም አያስፈልግም፤ ሲንተከተክ በዓይን ይታያል።

ጓደኛዬ ማሽኑን ፈታታው። ቻርጀሩን ለሌላ ሥራ ወሰደው፣ አምባሩን ጣለው። የቀረው ጠገራው ነው። ከውሃው ሲወጣ የማርያ ቴሬዛ አንድ ጉንጭ ከል እንደለበሰ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይም መዳቡ የወጣበት ቦታ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል። ትናንት ሱቁ ስገባ በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ይፈትገው ነበር። አክስቱ በር ላይ ቆመዋል።

«ውሃውን ተወው፤ ብሬን ግን እንደ ሰጠሁህ አድርገህ መልስ።»